ለክርስትና ልጅ የተሰጠ ኮሶ

ዙፋን ኮሶ ለማንም ዝም ብላ አትሸጥም። በገበያ ቀን ቦንጋ ገበያ ከኮረሪማ ሻጮቹ መደዳ ጫፍ ላይ ማዳበሪያ አንጥፋ ትቀመጣለች። ኮረሪማው፣ ጥምዙና ዝንጅብሉ ፊት ለፊት ይደረደራል፤ ኮሶውና እንቆቆው ግን ከጀርባዋ በጨርቅ ተቋጥረው ነው የሚቀመጡት። ፈላጊው ጎንበስ ብሎ በጆሮዋ ያንሾካሹክላታል። እሷ በጆሮ መመለስ አታውቅም። "ማነው የሚጠጣው?" ትላለች፣ መደዳው ሁሉ እየሰማ። ቀጥላ "ትሉን በዓይንህ አይተኸዋል?" ትላለች። ሦስተኛው ጥያቄዋ "ለመጨረሻ ጊዜ የጠጣኸው መቼ ነው?" የሚል ነው፤ መልሱ ካላማራት "ሆድህ ምን በደለህ? ሂድ፣ ጤና ጣቢያ ታይተህ ና" ብላ ታባርራለች። አንድ ጊዜ ክራባት ያሰረ የቢሮ ኃላፊ በዚህ አኳኋን ስትሸኝ አይቼ፣ ሳቄን ለመደበቅ የማልገዛውን ኮረሪማ ሳገላብጥ ቆየሁ።

እኔ ዋለ እባላለሁ። ከደብረ ማርቆስ ተመድቤ የመጣሁ የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ፤ ሰባት ዓመት ሙሉ በዙፋን ግቢ ውስጥ ተከራይቼ ኖሬያለሁ። ዕድሜዋ ሃምሳ አምስት ቢያልፍም አንቱ እንድላት አልፈቀደችም። "አንቱ የሚለኝ ሰው ሊሸሸኝ ያሰበ ነው" አለችኝ በመጀመሪያው ሳምንት። ስለዚህ እትዬ እያልኩ አንቺ እላታለሁ።

የተወለደችው ጌሻ ውስጥ፣ ከደካ ከፍ ብሎ ባለ መንደር ነው። አባቷ ጫካውን እንደ ጓዳው የሚያውቅ ሰው ነበር። የትኛው ቅጠል እንደሚያድን፣ የትኛው ልጥ ዓይን እንደሚያጠፋ ያስተማራት እሱ ነው። ኮሶ የሚያድነውም የሚገድለውም እንደ ሰጪው ጥንቃቄ ነው ይል ነበር አሉ። በአሥራ ስምንት ዓመቷ ተድራ ቦንጋ መጣች፤ ባሏ በአምስተኛው ዓመት ሞተ፤ ልጅ አልወለደችም። እግዜር የሰጣት ጎረቤቷን ይመኙሻልን ነው። ይመኙሻል ልብስ ሰፊ ናት፤ ባሏ የጭነት መኪና ሾፌር ስለሆነ ቤቱ የሚገኘው እንደ ዓመት በዓል አልፎ አልፎ ነው። ሁለቱ ሴቶች ሠላሳ ዓመት ያህል በአንድ የጭቃ ግድግዳ ተለያይተው፣ በቀረው ነገር ሁሉ አንድ ሆነው ኖሩ። ይመኙሻል ሴት ልጅ ስትወልድ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ያነሳቻት ዙፋን ናት። ልጅቷ ሜሪ ትባላለች። ዙፋን "ልጄ" ስትል ሌላ ማንንም ማለቷ አይደለም።

ሜሪ ያደገችው ያ ማዳበሪያ ላይ ነው። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ደብተሯን ከፍታ ከኮረሪማው አጠገብ ትጽፍ ነበር። ሦስቱን ጥያቄዎች በቃሏ ይዛ፣ በሰባት ዓመቷ አሻንጉሊቷን ትጠይቃት እንደነበር ዙፋን ስንት ጊዜ እንደነገረችኝ አላስታውስም። ሁልጊዜም እየሳቀች ነበር የምትነግረኝ።

አሁን ሜሪ ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው። ኮሌጅ ጨርሳ አንድ መሥሪያ ቤት በመዝገብ ክፍል ትሠራለች። ባለፈው መስከረም ከሺሺንዳ የመጡ ሽማግሌዎች ለአንድ የቡና ነጋዴ ልጅ ጠየቋት፣ ቀለበት ታሰረ፣ ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ተባለ። መክሳት የጀመረችው ግን ከዚያ በፊት ነው። መጀመሪያ "አማረባት" አልን። እኔም ብያለሁ፤ ምላሴን ይቁረጠው።

እሁድ እሁድ ሜሪ ዙፋን ጋ ትበላለች፤ እኔም አልጠፋም። ከአንድ ትሪ ለሚበላ ሰው ማን ስንት እንደቆረሰ አይታወቅም። ሜሪ ደግሞ ለኔም ለክርስትና እናቷም ጉርሻ ስታበዛ እጇ ከትሪው አይጠፋም፤ ያየ ሰው ሁሉ የምትበላ ይመስለዋል። አንዳንድ እሁድ ደግሞ በእውነት ትበላ ነበር፤ ጎንበስ ብላ፣ ሳታወራ፣ ሰው እንደሚነጥቃት ሁሉ በጥድፊያ። ከዚያ ተነስታ ወደ ጓሮ ትሄዳለች፤ የቧንቧው ውሃ ለረጅም ጊዜ ሲፈስ ይሰማኛል። ስትመለስ ዓይኗ ቀልቶ ጉንጯ አበጥ ብሎ ነው። በጠራራ ፀሐይ ሹራብ ደርባ ትንቀጠቀጣለች። ማበጠሪያዋ ላይ የሚቀረው ፀጉር ደግሞ ብዙ ነበር።

"ትበላለች፣ ትከሳለች" አለችኝ ዙፋን አንድ ቀን። "ኮሶ ነው።"

በአገራችን እየበላ ለሚከሳ ሰው የሚሰጠው ስም ይኸው አንድ ነው። እኔ፣ ትል በሰሌዳ ላይ ስሥል የኖርኩ የባዮሎጂ አስተማሪ፣ "ሳይሆን አይቀርም" ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ።

ዙፋን ልጇን አስቀምጣ ሦስቱንም ጠየቀቻት፤ ለክርስትና ልጅ ተብሎ የሚቀር ጥያቄ የለም። ሜሪ ማን እንደሚጠጣው ነገረቻት፤ በዓይኗ እንዳየችው ነገረቻት፤ ከዚህ በፊት ጠጥታ እንደማታውቅ ነገረቻት። ዙፋን አዘጋጅታ በእጇ አጠጣቻት። ኮሶ የጠጣ ሰው ደጅ አይወጣም፣ እንግዳ አይቀበልም፤ ሜሪ ያን ቀን በሯን ዘግታ ዋለች። ከሳምንታት በኋላ ደግማ መጣች። "ለእማዬ ነው፣ አሟት መውጣት ስላልቻለች" አለች። ሦስቱንም በትክክል መለሰች። ከዚያ ለመሥሪያ ቤት ጓደኛዋ፣ ከዚያ ቢታ ገነት ላለ አጎቷ። ሌላ ሰው ቢሆን ዙፋን "ታማሚውን አምጡት" ትል ነበር። ክርስትና ያነሳቻትን ልጅ ግን እንዴት ትጠርጥር? መልሶቹ ሁሉ እሷ ራሷ መስማት የምትፈልጋቸው ዓይነት ነበሩ።

ዐቢይ ጾም ሊገባ አንድ ሳምንት ሲቀረው ሜሪ መሥሪያ ቤቷ ደረጃ ላይ ወደቀች። ሆስፒታል ስትደርስ የልብ ምቷ ተዛብቶ ነበር። ዙፋን ሾርባ በፔርሙዝ ይዛ እየሮጠች ደረሰች፤ እኔም ከኋላዋ ነበርኩ። ይመኙሻል ኮሪደሩ መሃል ቆማለች። ስታያት ጣቷን ቀሰረች።

"ይቺ ናት! ልጄን ኮሶ እያጠጣች የመረዘችብኝ ይቺ ናት! መርዘኛ!"

ኮሪደሩ ሙሉ ሰው ነበር፤ አስታማሚው፣ ካርድ የሚያወጣው፣ የመሥሪያ ቤት ጓደኞቿ። ዙፋን ፔርሙዙን አግዳሚ ወንበሩ ላይ አስቀምጣ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ወጣች። ቤት እስክንደርስ የተናገረችው አንድ ነገር ብቻ ነው። "በእጄ ነው ያጠጣኋት፣ ቲቸር። በዚህ እጄ።"

ቋጠሮውን አውጥታ እሳት ውስጥ ጨመረችው። ገበያ አልወጣችም። በማርያም ማኅበር ቀን ሄዳ ብትቀመጥ ግራና ቀኝ ያሉት ሴቶች ትንሽ ትንሽ ራቅ ራቅ አሉ፤ የጠመቀችውን ጠላ የቀመሰ የለም። ይህን ስትነግረኝ ድምፅዋ ቅሬታ አልነበረበትም። ይገባኛል ብላ ነበር የምታምነው። እኔ ግን ተናደድኩ። ሠላሳ ዓመት ሲያሽርላቸው የኖረ እጅ በአንድ ጩኸት መርዘኛ ሲሆን፣ ቆይ እንጠይቅ ያለ ሰው እንዴት አንድ እንኳ ይጠፋል?

ሜሪ በሳምንቷ "የባህል መድኃኒት መርዟት" ተብሎ ወጣች፤ ለሐኪሞቹ የተነገራቸው ይኸው ነበርና። ልጠይቃት ሄድኩ። ይመኙሻል ምሳ አቀረበች፣ ሜሪ በጥድፊያ በላች፣ ተነስታ ወጣች። ቧንቧው ተከፈተ። እዚያው ተቀምጬ አሰብኩ፤ አሁን ኮሶ የለም፣ ተቃጥሏል፣ ታዲያ ይኼ ምንድን ነው? ሰባት ዓመት ስለ ሰው አካል ያስተማርኩ ሰው ይህን ለማሰብ ይህን ያህል ጊዜ መፍጀቴ እስካሁን ያሳፍረኛል።

በማግስቱ ፍቃዱን ፈልጌ አገኘሁት። ፍቃዱ የአእምሮ ጤና ነርስ ነው፤ ልጁን አስተምረዋለሁ። ስም ሳልጠራ ያየሁትን ነገርኩት። ሳልጨርስ ወንበሩን ወደኔ ሳበ።

"ቲቸር፣ ይኼ የሆድ በሽታ አይደለም። ምግብ ላይ የሚታይ የአእምሮ ሕመም ነው። ትውከቱም ኮሶውም መሣሪያ ናቸው። አንዱን ብትቀማት ሌላ ትፈልጋለች።"

"ምን አመጣው?"

"አንድ ጥፋተኛ ብቻ አትፈልግ። የዘር ነገር አለበት። ጭንቀት አለበት። ሁሉን እንከን የሌለው ካላደረግሁ የሚል ጠባይ አለበት። የኛም አፍ አለበት፤ ስትወፍር 'ተመቸሽ'፣ ስትከሳ 'አማረብሽ' እያልን ሰውነቷን እንደ አደባባይ ሐውልት ስናየው የምንውል እኛ። ሲያባብሰው ደግሞ እፍረት አለ፤ ስለሚያፍሩ ይደብቃሉ፣ ስለሚደብቁ ይብስባቸዋል።" ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ይድናል። ግን ደሟ ውስጥ ያለው ጨው ሲዛባ ልብ ቀጥ ሊል ይችላል። አንዴ ወድቃለች ብለሃል። ሁለተኛው መውደቅ ላያስነሳት ይችላል። የልጅቷን ነገር የሚያውቅ ሰው እውነቱን ይዞልኝ ይምጣ፤ እሷንም ይዟት ይምጣ።"

የሰማሁትን ሁሉ ለዙፋን ነገርኳት። ከዚያ በጣቷ መቁጠር ጀመረች፤ ለራሷ፣ ለእናቷ፣ ለጓደኛዋ፣ ለአጎቷ። አራተኛው ጣት ላይ ስትደርስ ፊቷ ተለወጠ።

"ሁሉንም እሷ ናት የጠጣችው" አለች። "በኔው ጥያቄ ነው ያታለለችኝ። ምን ብትመልስ እንደምሰጣት እኔው አስተምሬያት።" ቀጥላ በካፊኖኖ ተናገረች፤ ቋንቋውን እስከዛሬ በደንብ አልሰማም፣ ንዴቱን ግን መተርጎም አላስፈለገኝም። "ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ አሉ። ዓይኔን እያየች ነው እኮ የዋሸችኝ! እኔ በሰው ዘንድ ነፍሰ ገዳይ ተብዬ ስቀመጥ፣ አንዲት ቃል መተንፈስ አቃታት?"

አለቀሰች። ከዚያ ፊቷን ታጠበችና ነጠላዋን ለበሰች። "ተነስ" አለችኝ፤ "እናቷ አታውቅም። ልንነግራት ይገባል።"

ይመኙሻል የስፌት መኪናዋ ላይ ነበረች። የምትሰፋው የሜሪን ቬሎ ነው፤ ወገቡን ለሦስተኛ ጊዜ እያጠበበችው። ሜሪ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ከኮሪደሩ ቀን ወዲህ ሁለቱ ሴቶች አልተያዩም ነበር። ዙፋን ሳትቀመጥ ጀመረች።

"ይመኙ፣ ልሰደብ አልመጣሁም። ልጃችን ታማለች። ኮሶ አይደለም የያዛት፣ ኮሶም አይደለም የጣላት። የበላችውን ሆን ብላ ነው የምታወጣው። ሕመም ነው፣ ስም አለው፣ ሐኪም አለው። ካልታከመች ትሞትብናለች።"

ይመኙሻል "ምን?" አላለችም። "ማን አለ?" አላለችም። ተነስታ መስኮቱን ዘጋች።

ዙፋን አየቻት። እኔም አየሁ። "ለምን አትጠይቂኝም?" አለች ዙፋን።

"ምን ብዬ ልጠይቅሽ?"

ያኔ ሜሪ ተናገረች፤ ዓይኗን ከወለሉ ሳታነሳ። "እማዬ ታውቃለች። ከገና በዓል በፊት ደርሳብኝ እግሯ ላይ ወድቄ ሁሉንም ነገርኳት። አንቺን ዋሽቼ እንደምወስድም ነገርኳት። 'ቀለበት አስረሻል፣ ስታገቢ ይተውሻል፣ ለዙፋን ትንፍሽ እንዳትይ' አለችኝ።"

የስፌት መኪናው ላይ ያለውን ነጭ ጨርቅ ነው ያየሁት፤ የሁለቱን ሴቶች ፊት ማየት አልቻልኩም።

"ኮሪደሩ ላይ መርዘኛ ስትይኝ" አለች ዙፋን ቀስ ብላ፣ "ታውቂ ነበር?"

"ምን ልበል ታዲያ!" ይመኙሻል ድምፅዋ ተሰነጠቀ። "ሐኪሙ 'ምን ወሰደች' ይለኛል፣ ሰዉ ሁሉ ጆሮውን አቁሟል። ልጄ አእምሮዋ ታሟል ልበል? የሺሺንዳዎቹ በነጋታው ቀለበታቸውን ይላኩ? እኔ የምድራት አንድ ልጅ ነች ያለችኝ። አንቺ ባል የለሽ፣ የምትድሪው ልጅ የለሽ። ያንቺ ስም ቢጎድፍ ማን ይጎዳል ብዬ ነው።"

ዙፋን በሩን ተደግፋ ቆመች። ሠላሳ ዓመት እህቴ ስትላት የኖረች ሴት፣ የዙፋንን ስም እንደ ጨርቅ አንስታ ልጇን ልትሸፍንበት ስታስብ፣ "ለማንም አያስፈልግም" ብላ ነበር የመዘነችው። ዙፋን ልጅ አልባ መሆኗን ከማንም በላይ የምታውቅ፣ ሜሪን ያሳቀፈቻት እሷው ነበረች። ትጮሃለች ብዬ ጠበቅሁ። ትረግማለች ብዬም ፈራሁ።

እሷ ወደ ሜሪ ዞረች። "ጫማሽን አድርጊ።"

"በዚህ በጠራራ?" አለች ይመኙሻል። "የአእምሮ ክፍል ስትገቡ ሰው ያያል!"

"ይይ።"

ሜሪ እናቷን አየች፣ ክርስትና እናቷን አየች። ጫማዋን ለማድረግ ብዙ ጊዜ ወሰደባት። ዙፋን አላጎነበሰችላትም፣ አላገዘቻትም፤ ግን ጠበቀቻት። መንገዱን ሁሉ ሁለት እርምጃ ቀድማ ሄደች፣ አንዴም ዞር ሳትል። ሜሪ ስትደክም ግን ዙፋን ትቆማለች። እንዴት እንደምታውቅ አላውቅም።

ፍቃዱና ሐኪሞቹ አስተኟት። ዙፋን ፊታቸው ቀርባ መቼ መቼ እንደሰጠች፣ በማን ስም እንደሰጠች አንድ ሳታስቀር ተናገረች። ሜሪ ግድግዳውን እያየች አለቀሰች። ከሆስፒታል ከወጣች በኋላም በየሳምንቱ ፍቃዱ ዘንድ ትመላለሳለች፤ የምታመላልሳት ዙፋን ናት። ማረፊያዋንም ከግድግዳው ወዲህ፣ ዙፋን ቤት አደረገች። ሠርጉ ላልተወሰነ ጊዜ ተራዘመ። ይመኙሻል በሰው እጅ ምግብ ትልካለች፤ ራሷ ግን ደጃፋችንን አትረግጥም፣ ዙፋንን ገበያ ላይ ስታያት መንገድ ትቀይራለች። በኮሪደሩ የጮኸችውን ቃል በሌላ ቃል አልመለሰችውም። ዙፋንም አላስተባበለችም። ለማስተባበል የሜሪን ገመና ማውጣት አለባት። ስለዚህ በቦንጋ ገበያ ዛሬም እሷን ሲያዩ ልጃቸውን ወደ ጉያቸው የሚስቡ እናቶች አሉ። እኔ ሳይ ደሜ ይፈላል። እሷ ኮረሪማዋን ትሸጣለች።

ሜሪ ገና አልዳነችም። ደህና የሚሆን ሳምንት አለ፣ የሚበላሽ ሳምንት አለ። ፍቃዱ እንዳለው፣ ከበላች በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ሰው አብሯት መቀመጥ አለበት፤ ያ ሰዓት ለሷ ከሁሉ የከበደው ነው።

ፋሲካ አልፎ፣ ባለፈው እሁድ ሦስታችን በረንዳው ላይ ነበርን። ቆጮ በጎመንና በአይብ ቀርቧል። ሜሪ ምግቡን እያየች እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ወር ሙሉ አፏ ላይ ሲንከባለል የነበረውን የዚያን ቀን አወጣችው።

"እማ ዙፋን፣ ይቅር ብለሽኛል?"

"አላልኩሽም" አለች ዙፋን።

ሜሪ አንገቷን ደፋች። "በኔ የተነሳ ስምሽ ጠፋ። ከፈለግሽ ተቆጪኝ፣ ስደቢኝ። ዝም አትበይኝ።"

ዙፋን ቆጮውን ቆረሰችና ፊቷ አስቀመጠችላት።

"ብዪ መጀመሪያ" አለቻት። "ስትጨርሺ አንድ ሰዓት አብረን መቀመጥ አለብን አይደል? ያኔ እንጣላለን።"